በደጋ አየር የሚሠራ ሞተር፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ብረቱ

የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ሞተር ሙቀትና ሞተሩ ስለተሠራባቸው ማዕድናት ነው። ነገሩ መኪና ባለበት አገር ሁሉ የሚነገር ቢሆንም፣ ለቦሌ አራብሳ ነዋሪዎችና በዚያ መስመር ለሚመላለሱ ሹፌሮች ለይተን እንድንናገረው ያደረገን ምክንያት አለ። የአራብሳ ሰው ሥራው ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈሩ ርቆ ስለሆነ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በአያት ወይም በጎሮ በኩል ወደ መገናኛ የሚወስደውን መንገድ ይጀምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ጊዜ ደግሞ፣ በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መካከል በሜዳ ላይ ያደረው መኪና ሁሉ ብረቱ እንደ በረዶ ሆኖ ይገኛልና፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣው ቀዝቃዛ ሞተር ምን ዓይነት ጭስ እንደሚተፋ፣ በምድር ቤት ተኝቶ መስኮቱን የከፈተ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

በጋራዦቻችን ዘንድ ለብዙ ዘመን የኖረ አንድ ልማድ አለ። መኪና ሙቀት ሲያስቸግር፣ አንዳንድ ጊዜም ምንም ሳያስቸግር ለወደፊቱ እንዳያሞቅ ተብሎ፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ከቤቱ ተፈትቶ ይወጣና ጓርኒሲዮኑ ብቻ ተመልሶ ይታሰራል፤ ባለመኪናውም የሙቀቱ መርፌ ወደ ታች ወርዶ ሲያይ ደስ ብሎት፣ አመስግኖ ይሄዳል። ይህ ልማድ የተወለደው ለሞተር ሙቀት ጠላት፣ ቅዝቃዜም ጤና ነው ከሚል አሳብ ነው። እኛ ግን ሞተር የተፈጠረለት የሙቀት ልክ እንዳለውና፣ ከዚያ ልክ በታች መሥራት ከበላዩ የመሥራትን ያህል እንደሚጎዳው፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ አየር ጉዳቱ ከመኪናው አልፎ የሰውን ሳንባ እንደሚነካ እናምናለንና፣ ምክንያቱን በየተራው እናስረዳለን።

አስቀድመን ቴርሞስታቱን በእጃችን ይዘን እንመልከተው። በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት፤ በመካከሏ ከናስ ወይም ከመዳብ የተሠራች እንደ ጣት ጫፍ የምታህል ቀፎ አለች፤ በቀፎዋ ውስጥ ሰም ታሽጓል፤ በሰሙም መካከል ቀጭን ዘንግ ቆሟል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሞላው በሩን ገፍቶ ዘግቶ ይይዘዋል፤ ውሃውም ወደ ራዲያተሩ መውጣት ተከልክሎ በሞተሩ ዙሪያ ብቻ ይመላለሳል። ሙቀቱ እንደ መኪናው ዓይነት 82 ወይም 88 ዲግሪ ሲደርስ ግን ሰሙ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም መጠኑ ይበዛል፤ በዝቶም ማደሪያ ሲያጣ ዘንጉን ይገፋዋል፤ በሩም ቀስ በቀስ ተከፍቶ ውሃው ወደ ራዲያተሩ ይሄድና በነፋስ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ሽቦ የለው፣ የሚያዘውም ሰው የለው፤ ሰም በታወቀ ሙቀት የመቅለጥ ባሕርይ ስላለው ብቻ፣ ይህች ትንሽ ዕቃ የሞተሩን ሙቀት በልኩ ስትጠብቅ ትኖራለች።

የጥንት መምህራኖቻችን ስለ ፍጥረት ሲያስተምሩ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት የተባሉት አራቱ ባሕርያት በጠባያቸው የሚቃረኑ ሲሆኑ፣ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው በአንድ ሥጋ እንደሚያድሩ ይናገራሉ። ሞተርንም የሠሩት ጥበበኞች ያደረጉት ነገር ከዚህ ትምህርት የራቀ አይደለም፤ እሳቱን በነዳጅ፣ ነፋሱን በአየር፣ ውሃውን በራዲያተር፣ መሬቱን ከምድር በወጣ ማዕድን አድርገው በአንድ ቤት ውስጥ አስማሟቸው፤ ሥራቸውም ሁሉ የስምምነቱን ልክ መፈለግ ሆነ።

እሳቱ እጅግ ኃይለኛ ነው። ሳዲ ካርኖ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስተማረው፣ ከሙቀት ሥራ የሚገኘው ሙቀቱ ከጋለ ስፍራ ወደ ቀዝቃዛ ስፍራ ሲወርድ ነውና፣ እሳቱ የበለጠ በጋለ መጠን ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚገኘው ጉልበት የበዛ ይሆናል። ስለዚህ በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው ጋዝ በነደደበት ቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ፒስቶኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ግን ገና ከ660 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ መካኒኮቻችን ጊዛ የሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው ብረትም ቢሆን 1,200 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈስሳል። እንግዲህ እሳቱ ማሰሮውን ሊያቀልጠው ሲገባ ስለምን አያቀልጠውም? ቢባል፣ አንደኛ እሳቱ የሚቆየው ለዓይን ጥቅሻ እንኳ ስለማይበቃ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይነድዳል፤ በየሁለቱ እሳቶች መካከል ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ሁለተኛም ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው ስስ የጋዝ ሽፋን ሙቀቱን ያግዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የብረቱ ሙቀት ሳይጠራቀም በዘይቱና በውሃው እየተወሰደ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ የፒስቶኑ አናት ከ300 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ተጠብቆ ይሠራል።

እዚህ ላይ የማዕድናቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ከጊዛ ብረት ይልቅ ሙቀትን ወደ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በሞቀ ጊዜ የሚሰፋው ከብረቱ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ፒስቶኑ አሉሚኒየም፣ የሚመላለስበትም ካሚቻ ብረት ሲሆን፣ ሁለቱ እኩል አይሰፉምና ሠሪዎቹ ፒስቶኑን ሲቀርጹት ፍጹም ክብ አድርገው አይቀርጹትም፤ በጥቂቱ እንቁላል መሰል፣ ወደ አናቱም በጥቂቱ ጠበብ ያለ አድርገው ይሠሩታል። ይህም የሚሆነው እሳቱ የበለጠ የሚያገኘው አናቱ የበለጠ እንደሚሰፋ አስቀድመው አስልተው፣ በሥራ ሙቀቱ ሲደርስ ክብ እንዲሆን ነው። ይህን ነገር አድማጭ ልብ ቢለው ደስ ይለናል፤ ፋብሪካው የቀረጸው ሞተር ትክክለኛ ቅርጹን የሚያገኘው በሞቀ ጊዜ ብቻ ነው። ማለዳ ላይ የሚሰማው የፒስቶን ኳኳታም ሲሞቅ የሚጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው። ቴርሞስታቱ የተጣለበት መኪና እንግዲህ በተለይ በቁልቁለትና በቀዝቃዛ ማለዳ፣ ዕድሜውን ሁሉ ባልተሟላ ቅርጽ ሲሠራ ይኖራል ማለት ነው።

የቅዝቃዜው ጉዳት ግን በቅርጽ ብቻ አይወሰንም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወለዳል፤ ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በማለዳ ከማርሚታው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ምስክር ነው። ሞተሩ በልኩ ሲሞቅ ይህ ውሃ በትነትነቱ እንዳለ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ግድግዳው ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ትነቱ በካሚቻው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ከነዳጁ ድኝ ከተወለደው ጋዝ ጋር ተዋሕዶም አሲድ ይሆንና ብረቱን ይበላዋል፤ ወደ ታች የሚያልፈውም ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዝ አገር የመኪና መሐንዲሶች የሲሊንደርን መበላት ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ግድግዳው በቀዘቀዘ ቁጥር ካሚቻው የሚበላው እጅግ ፈጥኖ መሆኑን፣ በመፈተጉ ብቻ ሳይሆን በአሲዱ ዝገት ጭምር መሆኑን አስረዱ። በእኛ ዘንድ የፒስቶኑ ፋሻ አለቀ፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል ተብሎ ጀነራል፣ ማለትም የሞተሩ ሙሉ እድሳት፣ ሲታዘዝ፣ ጥፋቱ በመንገዱ ወይም በዘይቱ ይሳበባል፤ ከዓመታት በፊት ወጥቶ የተጣለውን ቴርሞስታት ግን የሚያስታውሰው የለም።

ነዳጁም በቅዝቃዜ ይባክናል። ቤንዚን የሚነድደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነውና፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ሲሆን ከፊሉ ሳይተን በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ይህን ጉድለት ለመሙላት በካርቡራቶር ዘመን ሹፌሩ የአየሩን በር በእጁ ያጠብብ ነበር፤ በዛሬው ጊዜ ግን የመኪናው ኮምፒውተር የውሃውን ሙቀት በሚለካው ሴንሰር ተመርቶ ነዳጁን ራሱ ይጨምራል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ውሃው ከልኩ በታች ሆኖ ሲውል፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ እያመነ ተጨማሪ ነዳጅ ማፍሰሱን አያቆምም። ነዳጅ ሲበዛ፣ አየሩም ሲያንሰው፣ እሳቱ ነዳጁን ጨርሶ መብላት ስለማይችል ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ ማውጫው ይወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ሕፃናት ለትምህርት ቤት በሚለብሱበት ሰዓት፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል በጠበበ ግቢ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ሦስት አራት መኪኖች ለማሞቅ ተብሎ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆመው ሲጮኹ ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ስለ ማሞቅ አንድ ነገር እንናገር። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጥቂት ነዳጅ ስለሚያቃጥል የሚሞቀው በዝግታ ነው፤ በለዘበ ፍጥነት፣ ሳይጫኑት የሚነዱት ሞተር ግን ፈጥኖ ይሞቃል። ለትንንሽ የቤት መኪኖች ዘይቱ ወደየቦታው እስኪደርስ ድረስ አንድ ደቂቃ ያህል መቆየት ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩን ለቅቆ በዝግታ መሄድ ይገባል። የአየር ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪኖች፣ ሲኖትራኩም ሌላውም፣ የአየሩ ግፊት እስኪሞላ ድረስ መቆም ግዴታቸው ነውና እነርሱን መውቀስ አይገባም፤ ይሁን እንጂ የሚያድሩበት ስፍራ ከመኖሪያ ቤቶች ቢርቅ የተሻለ ነበር።

የቀዝቃዛው ሞተር ጭስ ሌላም ተጨማሪ በደል አለበት። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውጭ አገር በተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ጭስ ማውጫ ላይ ካታሊስት የሚባል የማጣሪያ ዕቃ ይገጠማል፤ በውስጡ እጅግ ብዙ ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉት ሸክላ አለ፤ በሸክላውም ላይ ከወርቅ ጋር የሚወዳደሩት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉት ክቡራን ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። እነዚህ ማዕድናት ራሳቸው ሳይለወጡ መርዛማውን ጋዝ ወደ ውሃ ትነት፣ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ግን ይህን ጸጋቸውን የሚያሳዩት 250 ወይም 300 ዲግሪ ሲሞቁ ነው፤ ከዚያ በፊት ጭሱ እንደመጣ ያልፋቸዋል። ስለዚህ በአጭር መንገድ ላይ ከሚወጣው መርዝ አብዛኛው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሁልጊዜ በበዛ ነዳጅ በሚሠራ ሞተር ደግሞ ያልተቃጠለው ነዳጅ በካታሊስቱ ውስጥ እየነደደ ሸክላውን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ሸክላ ጭሱን ይዘጋል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ መካኒኩም የካታሊስቱን ሆድ ፈልፍሎ ባዶውን ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ጥፋት ሁለተኛውን ወለደ፤ መኪናውም ያለማጣሪያ ቀረ። የእርሳስ ቤንዚንም ካታሊስትን የሚገድል ነበር፤ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በዳካር ተስማምተው በ2005 መጨረሻ ገደማ ስላስወገዱት፣ ዛሬ ካታሊስቱን እየገደልን ያለነው በነዳጁ ሳይሆን በአያያዛችን ነው።

አሁን ሹፌሮቻችን ሙቀትን የሚፈሩበትን ምክንያት እናንሣ፤ ፍርሃታቸው ከከንቱ የመጣ አይደለምና። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ፣ ወደዚህ የመጣ ሞተር ሁሉ ከተሠራበት አገር የሳሳ አየር እንዲተነፍስ ተገድዷል። አራብሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ ላይ ስላለ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአየሩ ሩቡን ስላጣ ከጉልበቱም ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የናፍጣ ሞተር ከሆነና የነዳጅ ፖምፓው ልክ ለቆላ እንደተሠራ ከቀረ፣ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበትና በአያት ዳገት ላይ የምናየውን ጥቁር ጥላሸት ይተፋል። በራዲያተሩ መካከል የሚያልፈውም ነፋስ እንደዚሁ የሳሳ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የውሃው ነገር ነው። እናቶቻችን ባቄላ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል ያውቃሉ፤ ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞስታቱ በ88 ይከፈታል ካልን፣ በመክፈቻውና በመፍያው መካከል የቀረው አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈው ቍጥር፣ በውስጥ የሚይዘው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል። በ0.9 ክዳን የታፈነ ውሃ በጅቡቲ ወደብ 119 ዲግሪ ገደማ ድረስ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 115 ገደማ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን ይህ ሁሉ ትርፍ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የውሃው መፍያ ወደ 92 ይመለሳል፤ በጎሮ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ፣ ቬንቲላተሩም ደክሞ ሲገኝ፣ ሞተሩ ሳይታመም ይፈላል። እኛ የምናዝንበት ነገር ይህ ነው፤ ጥፋተኛው ዋጋው ጥቂት የሆነው ክዳን ሲሆን፣ የሚፈረድበት ግን ንጹሑ ቴርሞስታት ነው።

ይባስ ብሎም፣ በአገራችን በብዛት በሚነዱት የቶዮታ ሞተሮች በብዙዎቹ ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በሮች አሉት፤ አንደኛው ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት፣ ሁለተኛው ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ ይዘጋል። ዕቃው ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራልና፣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመላለሳል። እንዲህ ያለው መኪና በማለዳው ብርድ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፤ አሥራ አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ያው መኪና ይፈላል። በዚያን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ከታችኛው ብረት ይልቅ ሰፍቶ ይጣመማል፤ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ከጭስ ማውጫውም ሞተሩ ሞቆ እንኳ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን የሚነድደው ዘይት እንደሆነ፣ ጥቁር ሲሆን አየር ያጣ ነዳጅ እንደሆነ ሹፌሩ ቢያውቅ፣ ጋራዥ ሲደርስ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

የዱሮውን ቮልስዋገን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም፤ አዲስ አበባ ይህችን መኪና እንደ ልጇ አሳድጋታለችና። ቮልስዋገን ራዲያተርም ውሃም የላትም፤ በነፋስ ብቻ ትቀዘቅዛለች፤ የሞተሯም ዋና ቀፎ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ እጅግ ቀላል ነው። ውሃ ስለሌላት በደጋው ግፊት አትፈላም። ሆኖም የዘይቷ ማቀዝቀዣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ቆሞ ነፋሱን ስለሚከልልበት፣ ያ ሲሊንደር ከወንድሞቹ ሁሉ ይበልጥ ይግል ነበር፤ የጭሱም ቫልቮላ በዚያ በኩል ቀድሞ ይሰበር ነበር። ፋብሪካው ይህን አይቶ በ1971 ሞዴል እ.ኤ.አ. የማቀዝቀዣውን ስፍራ ለወጠው። በነፋስ የሚቀዘቅዘውም ሞተር ቢሆን ቴርሞስታት ነበረው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የነፋሱን በር የሚዘጋ ነው። እርሱንም ብዙ ሰው አውጥቶ ጥሎታል።

ከዚህ በተቃራኒው ማቀዝቀዣውን ፈጽሞ ያስወገዱ ሊቃውንትም ነበሩ። በአሜሪካ ኩሚንስ የተባለው የሞተር ፋብሪካ ከአገሩ ጦር ሠራዊት ጋር ተባብሮ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሲሊንደሩን ውስጥ እሳት በማይፈታው ዚርኮኒያ በተባለ የሸክላ ዓይነት ሸፍኖ፣ ራዲያተር የሌለበት የጦር የጭነት መኪና አስነድቷል። ተስፋቸው በውሃ የሚጠፋው ሙቀት ወደ ጉልበት ይለወጣል የሚል ነበር፤ በመኪና ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ሢሶ ያህሉ በማቀዝቀዣው፣ ሢሶ ያህሉም በጭሱ ይጠፋልና። ነገር ግን የታፈነው ሙቀት አብዛኛው ወደ ጉልበት ሳይሆን ወደ ጭስ ማውጫው ሄደ፤ የጋለው ግድግዳ የሚገባውን አየር አስፍቶ አሳሳው፤ ዘይቱም ያን ግለት አልቻለውም። ከዚህ ሥራ የተረፉት የሸክላ ሽፋኖች ዛሬ በየስፍራው ያገለግላሉ፤ ራዲያተር የሌለበት ሞተር ግን ገበያ አልወጣም።

እሳቱ ከልኩ በላይ ሲግል ደግሞ ሌላ መርዝ ይወለዳል። የምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን በጠባዩ ጸጥተኛ ሲሆን ከ1,500 ዲግሪ በላይ በሚነድ እሳት ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ የሚወለደውም ጋዝ ሳንባን ያቈስላል፤ በፀሐይም ብርሃን ከሌላው ጭስ ጋር ሆኖ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በአንድ በኩል ጉልበት ለማግኘት እሳቱን ያግላሉ፤ በሌላ በኩል ከወጣው ጭስ ጥቂቱን መልሰው ወደ ሲሊንደር በማስገባት የእሳቱን ጫፍ ያበርዳሉ። መካኒኮች ኢጂአር የሚሉት ይህ ዕቃ ነው። እርሱም ጥላሸት ሲሞላበት ከማጽዳት ይልቅ በላሜራ መድፈን ይቀላቸዋል።

የነዳጅ ሞተር ዘመኑ እያለፈ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወቃል፤ ቀደም ብሎም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል። የኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪው የሙቀት ልክ አለው፤ የአዲስ አበባ ለዘብተኛ አየር ከአፋር ቆላ ይልቅ ይስማማዋል። ነገር ግን ገና ለብዙ ዓመታት የአራብሳን ሰው ወደ መገናኛ የሚያደርሱት፣ ጀነራል እየተሠራላቸው የኖሩት ሚኒባሶችና ሃይገር አውቶቡሶች ናቸው፤ የሰፈሩም አየር የሚጠራው እነርሱ በልካቸው እንዲሞቁ በማድረግ ነው።

እንግዲህ አድማጭ ነገ ማለዳ በራሱ መኪና ላይ ይህን ይመርምር። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ኮፋኖውን ይክፈትና ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን የላይኛውን የጎማ ቱቦ በእጁ ይንካ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ያስነሣ፤ እጁን ከቺንጊያውና ከቬንቲላተሩ አርቆ ቱቦውን በየጊዜው ይዳስስ። ቴርሞስታቱ በስፍራው ካለና ደኅና ከሆነ፣ በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል፤ በኋላ በድንገት ይሞቃል። ገና ከመጀመሪያው ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ የሚል ከሆነ ግን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ቀርቷል ወይም ዕቃው ከነአካቴው የለም ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ወደ ጋራዥ ሄዶ ለሞተሩ የተወሰነው ዲግሪ የተጻፈበትን ቴርሞስታት ያስገጥም፤ ክዳኑንም በዚያው ቁጥር አዲስ ይለውጥ፤ በራዲያተሩም የቧንቧ ውሃ ብቻ ሳይሆን ዝገት የሚከለክለውን ኩላንት ይጨምር፤ ኩላንቱ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የተረፈውን ሕፃናት ከማይደርሱበት ያኑር። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ግን በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ታፍኖ የቆየው ውሃ ግፊቱን ባጣበት ቅጽበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣልና፣ ቱቦው በእጅ ሲጨበጥ የማያቃጥልና የሚለሰልስ እስኪሆን ድረስ ይጠበቅ።